ጣርማ በር ዳገት ከመጀመራችሁ በፊት

ራዲያተሩ ውሃ እየጎደለበት ደብረ ሲና ላይ ሞልቶ ዳገቱን መሞከር አያዋጣም። ማታ ስታቆሙ ከሞተሩ ሥር ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት ጠብታው ከፊት ከሆነ ራዲያተሩን ወይም ጎማ ቱቦዎቹን፣ በቺንጊያው በኩል ከሆነ የውሃ ፓምፑን ጠርጥሩ። ካርቶኑ ደርቆ ከዳሽቦርዱ በታች ምንጣፉ ከረጠበ የማሞቂያው ራዲያተር ሊሆን ይችላል፤ ለደብረ ብርሃን ብርድ ስንከፍተው የኖርነው ማለት ነው። የሞተር ዘይቱ ወተት የነካው ቡና ከመሰለ ግን ሞተሩን አታስነሡ፣ አስጎትቱ።

ጋራዥ ስትሄዱ «ራዲያተር ቀይርልኝ» አትበሉ። «በግፊት ፈትሽና የሚያፈስበትን አሳየኝ» በሉ። እኔ ራዲያተር አስቀይሬ ሳበቃ ጥፋቱ የክዳኑ ላስቲክ ሆኖ ተገኘ! አሮጌውን ዕቃ ሳትረከቡ ሒሳብ አትዝጉ። ክዳኑንም ሞተሩ ሳይበርድ እንዳትነኩ፣ ፊት ያቃጥላል።