የእርድ ድልህ በቤት ውስጥ፤ አመራረጡ፣ አበሳሰሉና አወሳሰዱ

በርበሬ ተደቁሶና ተለውሶ ሲወፍር ድልህ እንደሚባል ሁሉ፣ በውኃ በስሎ ወፍሮ በዘይት የተለወሰውን እርድም በዚህ ጽሑፍ የእርድ ድልህ እያልሁ እጠራዋለሁ። በሻይ ማንኪያ እየተጨለፈ ወደ ትኩስ ወተት፣ ወደ አጥሚት፣ ወደ አልጫ ወጥ ወይም ወደ ሾርባ የሚጨመር፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል የሚቆይ የጓዳ ስንቅ ነው። አዘገጃጀቱ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። የድልሁን ጥቅም የሚወስነው ግን ምድጃው ላይ ከሚሠራው ሥራ ይልቅ ከምድጃው በፊት የሚመረጠው እርድና ከምድጃው በኋላ የሚለካው ማንኪያ ስለሆነ፣ ለእነዚህ ለሁለቱ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥቻለሁ።

አስቀድሞ ዘይትና ቁንዶ በርበሬ ለምን እንደሚገቡ ማወቅ ይጠቅማል። እርድን ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚን የተባለ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ መጠኑ እንደ ዝርያውና እንደበቀለበት ቦታ ቢለያይም፣ በደረቅ የእርድ ዱቄት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከክብደቱ 3 በመቶ አካባቢ ነው። ኩርኩሚን በውኃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ በስብ ውስጥ ግን ይሟሟል። ሰውነታችንም ቢሆን የሚቀበለው ጥቂቱን ነው፤ የተቀበለውንም አንጀትና ጉበት ወዲያው ለውጠው ያስወግዱታል። ቁንዶ በርበሬን የሚያቃጥል ያደረገው ፒፐሪን ይህን የማስወገድ ሥራ ያዘገየዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 በህንድ ባንጋሎር የነበሩ ተመራማሪዎች ለጤነኛ ሰዎች 2 ግራም ኩርኩሚን ከ20 ሚሊግራም ፒፐሪን ጋር ሰጥተው፣ ሰውነት የተቀበለው ኩርኩሚን ብቻውን ከተሰጠበት ጊዜ በ20 እጥፍ ከፍ ብሎ እንዳገኙት ጽፈዋል። ይህ ቁጥር ዛሬ በየማስታወቂያው ይደጋገማል። ይሁን እንጂ ከዚህ በታች በምገልጸው አሠራር አንድ የሻይ ማንኪያ ድልህ የሚይዘው ኩርኩሚን ከ40 ሚሊግራም፣ ፒፐሪኑም ከ3 ሚሊግራም ብዙ የማይርቅ ስለሆነ፣ ሃያ እጥፉን እንዳለ ወደ ጓዳችን ማምጣት ተገቢ አይደለም። የጥናቱ ውጤት ቁንዶ በርበሬው ለምን እንደሚጨመር ያስረዳናል እንጂ የቤታችን ድልህ ምን ያህል እንደሚሠራ አይነግረንም።

በጤና ረገድም እንዲሁ ልክን ማወቅ ያስፈልጋል። የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ የተደረጉ አንዳንድ ጥናቶች መጠነኛ ማስታገስ ቢያሳዩም፣ የተፈተነው ተጣርቶ በእንክብል የተዘጋጀ ኩርኩሚን እንጂ ማንኪያ ድልህ አልነበረም። ስለዚህ ይህን ድልህ የምመክረው ለበሽታ መድኃኒት አድርጌ ሳይሆን፣ እርድን በየዕለቱ ምግብ ውስጥ ከስብ ጋር፣ በልክና ሳይባክን ለማስገባት የሚያመች ዘዴ አድርጌ ነው።

ዘዴው ለእኛ ማዕድ እንግዳ አይደለም። አልጫ ስንሠራ ሽንኩርቱ በዘይት ወይም በቅቤ በስሎ እርዱ ይገባል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ብዙ ባለሙያዎች ቁንዶ በርበሬ ነስነስ ያደርጉበታል። ቅቤ ሲነጠርም ከኮረሪማው፣ ከኮሰረቱና ከአብሹ ጋር እርድ ይጨመርበታል። ስብ፣ ሙቀትና ቁንዶ በርበሬ ከእርድ ጋር የተገናኙት ስለ ኩርኩሚን ከመሰማቱ በፊት ነው።

እርዱን ስለ መምረጥ። በአገራችን እርድ በብዛት የሚበቅለው በደቡብ ምዕራቡ ክፍል፣ በቴፒና በአካባቢው ባለው እርጥበታማና ሞቃት ምድር ነው። የዝንጅብልና የኮረሪማ ዘመድ ሲሆን፣ ከመሬት የወጣው ሥር ተቀቅሎ በፀሐይ ከደረቀ በኋላ ለገበያ ይቀርባል። ከተቻለ ዱቄቱን ሳይሆን ድፍኑን መግዛት ይሻላል፤ ድፍን ሥርን ከባዕድ ነገር ጋር መቀየጥ ከዱቄቱ ይልቅ ይከብዳልና። በደንብ የደረቀ እርድ ሲሰበር ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ውስጡም ወደ ብርቱካናማ ያደላ ደማቅ ቢጫ ነው። የሚጎብጥ ወይም ሲሰበር ድምፅ የማይሰጥ ከሆነ እርጥበት አለበት፤ እርጥበት ያለበት ደግሞ ሻጋታ ይይዛል። ላይ ላዩ ከልክ በላይ ደምቆ እጅን ወዲያው የሚያቀልም ድፍን ቢያጋጥም ግን መተው ነው፤ ቀለም ሊቀባ ይችላል።

ይህ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አይደለም። በባንግላዴሽ ነጋዴዎች እርድን ለማድመቅ ሊድ ክሮሜት የተባለ የእርሳስ ውሕድ ያለበት ቢጫ ቀለም ይቀቡት ነበር። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አንጎል ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 ጉዳዩ በጥናት ተጋልጦ መንግሥት ጠንካራ እርምጃ ከወሰደ በኋላ፣ በገበያ ናሙናዎች ውስጥ ከ100 በ47ቱ ይገኝ የነበረው እርሳስ በ2021 ከናሙናዎቹ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። በውጭ አገር የምትኖሩና የታሸገ ዱቄት የምትገዙ አንባቢዎች አምራቹና የመጣበት አገር በግልጽ የተጻፈበትን፣ ከታወቀ ሻጭ የመጣውን ብትመርጡ ይበጃል።

በቤት የሚደረግ ፍተሻ የሚረዳው እስከ ተወሰነ ድረስ ብቻ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ውኃ ላይ ነስንሶ ሳይነኩ ማቆየት ይቻላል፤ ንጹሕ እርድ ቀስ ብሎ ሲዘቅጥ ውኃውን ፈዛዛ ቢጫ ያደርገዋል፣ ቀለም የተቀላቀለበት ግን ውኃውን ወዲያው ያደምቀዋል። የእህል ዱቄት መቀላቀሉን ለማወቅ፣ ስታርችን የሚያጠቁረውን አዮዲን ጠብ አድርጎ መፈተንን የሚመክሩ አሉ፤ እርድ ራሱ በተፈጥሮው ብዙ ስታርች ስላለው ንጹሑም ይጠቁራልና ይህ ፍተሻ ለእርድ አይሆንም። እርሳስን ደግሞ ከላቦራቶሪ በቀር የሚለየው የለም።

ድፍኑን በሙቀጫ ሰባብሮ በኤሌክትሪክ ቡና መፍጫ ማድቀቅና በጥሩ ወንፊት መንፋት ይቻላል። እርድ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነውና ፍንጣሪው እንዳይበተን ሙቀጫውን በጨርቅ መሸፈን ያስፈልጋል። ወፍጮ ቤት የሚወስድ ሰው ከእርሱ በፊት ምን እንደተፈጨ ቢጠይቅ መልካም ነው። እኔ ሳልጠይቅ ቀርቼ፣ በርበሬ በተፈጨበት ወፍጮ ያስፈጨሁት እርድ ለአንድ ወር ያህል ወተቴን ሲያቃጥለው ከርሟል።

አሁን ወደ ምድጃው እንሂድ። መለኪያችን 75 ሚሊሊትር ገደማ የሚይዝ የቡና ስኒ ይሁን። አንድ ስኒ የእርድ ዱቄት፣ ሁለት ስኒ ውኃና ወፍራም ከሆነ የሚጨመር ተጨማሪ ግማሽ ስኒ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ እንዲሁም በዚያው ሰዓት የተፈጨ አንድ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ ያስፈልጋል። ቁንዶ በርበሬው ቀድሞ ተፈጭቶ የሰነበተ ከሆነ መዓዛው ያልቃል፤ ስለዚህ ፍሬውን ገዝቶ በየጊዜው መውቀጥ ይመረጣል። ዘይቱን በተመለከተ የወይራ ወይም የኮኮናት ዘይት ጣዕሙ ለስላሳ ነው፤ የኑግ ዘይት ለወጥ ይስማማል፣ በወተት ውስጥ ግን ሽታው ይጎላል። በፍስክ ወቅት ንጥር ቅቤ ከሁሉም ይጣፍጣል፤ ጿሚ ላለበት ቤት ግን በዘይት የተሠራውን ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ዱቄቱን በቀዝቃዛው ውኃ መበጥበጥ ይቀድማል፤ በሞቀ ውኃ ላይ ከተነሰነሰ ይጓጉላል። ከዚያ ወፍራም መቀመጫ ባለው ድስት አድርጎ በመለስተኛ እሳት ላይ በእንጨት ማማሰያ ሳያቋርጡ ማማሰል ነው። የእርዱ ስታርች ሲበስል ውኃውን ስለሚይዘው ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ መወፈር ይጀምራል፤ ፈጥኖ ከደረቀ ያቆየነውን ግማሽ ስኒ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ እንጨምርበታለን። ከሰባት እስከ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። መድረሱ የሚታወቀው ማማሰያው ሲያልፍ የድስቱ ግርጌ ለቅጽበት ታይቶ ሲሸፈን፣ የጥሬ እርድ አፈር አፈር የሚለው ሽታም ሲለሰልስ ነው። ከዚህ በላይ ማብሰል አይጠቅምም፤ ረጅም እሳት ኩርኩሚኑን ይቀንሰዋል፣ ግርጌው ካረረም ምሬቱ በምንም አይመለስም።

ድስቱን ከእሳት አውርደን ለብ እስኪል ከጠበቅን በኋላ ዘይቱንና ቁንዶ በርበሬውን ጨምረን በኃይል እንመታዋለን። መጀመሪያ ዘይቱ ተለይቶ ላይ ይንሳፈፋል፤ ይህ አያስደንግጥ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲመታ ድልሁ ዘይቱን ጠጥቶ ያብረቀርቃል። ነጭ ሽንኩርትና እርጥብ ዝንጅብል መቀላቀል የሚወዱ አሉ፤ እኔ አልመክረውም፤ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ውስጥ ታምቆ ሲቀመጥ አደገኛ ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል። የፈለገ ሰው ሲጠቀም በየዕለቱ ትኩሱን ይጨምር።

የሚቀመጥበት ጠርሙስ በፈላ ውኃ ታጥቦ ፈጽሞ የደረቀ መሆን አለበት። ድልሁ ሳይቀዘቅዝ ከተከደነ ላቡ ተመልሶ ይወርድበትና ያሻግተዋል። በማቀዝቀዣ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ከዚያ በላይ ለማቆየት በበረዶ መሥሪያ ጉድጓዶች እየከፈሉ ማቀዝቀዝ ይቻላል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ግማሹን ልክ ሠርቶ በሳምንት መጨረስ ይሻላል። ጨላፊው ማንኪያ ዘወትር ደረቅ ይሁን፤ ሻጋታ ከታየም ላዩን ጠርጎ የታቹን መጠቀም አይገባም፣ ሁሉም ይደፋ። ብርሃን ኩርኩሚንን ስለሚያበላሽ ጠርሙሱ የሚያሳይ ከሆነ ጨለማ ቦታ ይቀመጥ።

አወሳሰዱን በሚመለከት፣ ለመጀመሪያው ሳምንት በቀን ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ሆድ ካልተቆጣ እስከ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት የሻይ ማንኪያ ከምግብ ጋር ይበቃል። በባዶ ሆድ ሲወሰድ የሚያቃጥላቸው ሰዎች አሉ። ለንጽጽር ያህል፣ የዓለም የጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴ ኩርኩሚን በምግብ ውስጥ በቀን ለአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት ከ3 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ወስኗል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 180 ሚሊግራም መሆኑ ነው። ሁለት የሻይ ማንኪያ ድልህ ከዚህ ግማሽ እንኳ አይሞላም። እኔ ራሴ በብዛት የምጠቀመው በአጃ አጥሚት ነው፤ ትኩሱ አጥሚት ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ድልህና ጥቂት ማር ሲጨመር የእርዱ ምሬት ይሸፈናል። ለድንች አልጫና ለአልጫ ሽሮ ደግሞ በእርድ ዱቄቱ ምትክ ሽንኩርቱ ከበሰለ በኋላ አንድ የሾርባ ማንኪያ መጨመር ነው። ድልሁ አስቀድሞ የበሰለ ስለሆነ ጥሬ ጥሬ አይልም።

መጠንቀቅ ያለባቸው ሰዎች አሉ። ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ፣ የሐሞት ጠጠር ያለባቸው፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ፣ የኩላሊት ጠጠር የሚመላለስባቸውና የብረት ማነስ ያለባቸው ሰዎች ድልሁን የዘወትር ልማድ ከማድረጋቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ። ነፍሰ ጡር ሴት በወጥ ውስጥ ያለው እርድ አያሰጋትም፤ ተጨማሪ ማንኪያውን ግን ብትተወው ይመረጣል። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ሰው ሁለት ሳምንት ቀድሞ ያቁም። ፒፐሪን የሌሎችን መድኃኒቶች መወገድም ሊያዘገይ ስለሚችል፣ በየዕለቱ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቁንዶ በርበሬውንም ለሐኪሙ ይንገር። ከድልሁ ይልቅ የሚያሰጋው ግን በእንክብል የሚሸጠው የተጣራ ኩርኩሚን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በጣሊያን እንዲህ ዓይነት እንክብል የወሰዱ በርካታ ሰዎች በጉበት ብግነት ታመው ተገኝተዋል። ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሽንት ሲጠቁር ወይም ቆዳ ሲያሳክክ ወዲያው አቁሞ ወደ ሕክምና መሄድ ነው።

በመጨረሻም ስለ እድፉ። ድልሁ የነካው የፕላስቲክ ዕቃ ቢጫ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ማማሰያውም ማስቀመጫውም ፕላስቲክ ባይሆን ይሻላል። ነጭ ልብስ ላይ ከተንጠባጠበና በሳሙና ሲታጠብ ደም ከመሰለ፣ የሳሙናው አልካሊ ኩርኩሚኑን አቅልቶት ነውና አትደናገጡ። በብዙ ውኃ ካለቀለቃችሁት በኋላ እድፉን ወደ ፀሐይ አዙራችሁ አስጡት፤ አንድ ሁለት ቀን ጠንካራ ፀሐይ ካገኘ እየነጣ ይሄዳል።