ሰውነቷ ሲቀድማት

ልጄ ሁለተኛ ክፍል እያለች፣ በየካቲት የሐዋሳ ሙቀት ሹራቤን አላወልቅም አለች። ቁጣም ልመናም አልሠራም። የገባኝ ማታ ሳጥባት ነው፤ ጡቷ ማጎጥጎጥ ጀምሯል። ገና ሰባት ዓመቷ ነበር።

የእናንተም ልጅ እንዲህ ከቀደመች፣ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። የጉርምስና ምልክት ሴት ልጅ ላይ ከ8፣ ወንድ ልጅ ላይ ከ9 ዓመት በፊት ከታየ መመርመር አለበት። ሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ ምክንያት አይገኝለትም። ወንዶች ላይ ግን ሌላ ሕመም ሊኖር ስለሚችል «ልጃችን ቶሎ ጎረመሰ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። አጥንቷ ዕድሜዋን ቀድሞ እንደሆነ ለማየት የእጇን ራጅ ያነሷታል። እንደማያም ቀድማችሁ ንገሯት። መድኃኒት የሚያስፈልገው ለሁሉም ልጅ አይደለም።

እኔን የከበደኝ ወሬውን መጀመር ነበር። ፍቅር ሐይቅ ዳር ይዣት ወጣሁ። ጎን ለጎን እየሄዱ ማውራት ይቀላል፤ ዓይን ለዓይን አትተያዩም። «የሴት ልጅ ሁሉ ሰውነት ይለወጣል። ያንቺ ትንሽ ቀደመ እንጂ ምንም አላጠፋሽም» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «አሁን ልጅ አይደለሁም ማለት ነው?» አለችኝ።

ጭንቀቷ ይሄ ነበር። ቁመቷ የአሥር ዓመት ልጅ ስለሚያስመስላት ሰው ሁሉ «ትልቅ ልጅ ሆነሽ ታለቅሻለሽ?» ይላታል። ልቧ ግን የሰባት ዓመት ነው። አሻንጉሊቷን አትንጠቋት፤ የቤት ሥራም አትጨምሩባት። ቁመቷንም አታሞግሱላት፤ እንዲህ ያሉ ልጆች ከእኩዮቻቸው ቀድመው ማደግ ሊያቆሙ ይችላሉ።

ዘመድ ላይ ጠንከር በሉ። እናቴ ቡና ላይ፣ ጎረቤት ፊት «ለአቅመ ሔዋን ደረሰች» ስትል ልጄ አንገቷን ደፋች። «እማዬ፣ በሞቴ፣ ስለ ሰውነቷ ሰው ፊት አታንሺ» ብዬ ለመንኳት። ከዚያ ወዲህ አላነሳችም።

ክፍል ውስጥ «እማማ» የሚል ስም አውጥተውላት ነበር። መምህሯን ለብቻዋ አግኝቼ ሁለት ነገር ጠየቅኳት፦ ስሙ እንዲቆም፣ ሽንት ቤት ስትል ሳትጠየቅ እንድትወጣ። የወር አበባ ሳይታሰብ እንዳያስደነግጣት ሞዴስ አጠቃቀሙን ቤት ውስጥ አሳየኋት። አንድ ሞዴስና ቅያሪ የውስጥ ሱሪ ቦርሳዋ ውስጥ አለ።

ትልቅ መስላ ስለምትታይ ብቻዋን ባጃጅ ላይ አላሳፍራትም። ሰውነቷን ማንም እንዳይነካ፣ ዘመድም ቢሆን «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» ካላት ወዲያው እንድትነግረኝ ደጋግሜ እነግራታለሁ። ጨዋታ ከተወች፣ እንቅልፍ ካጣች ወይም ትምህርት ቤት አልሄድም ካለች ደግሞ ለሐኪሙ ንገሩት።

ለሹራቡ ቁጣ አላስፈለገም። ገበያ ይዣት ሄጄ ወፈር ያሉ የጥጥ ካኔተራዎች ራሷ መረጠች። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሹራቡ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።