በሰርቨር ላይ የተቀመጠን የጊት ሪፖዚቶሪ መጠን እንዴት መቀነስ ይቻላል?

አንድ ትልቅ ፋይል ወደ ጊት ሪፖዚቶሪ (ጊት የተባለው የለውጥ መመዝገቢያ ፕሮግራም ፋይሎችን ከነታሪካቸው ወደሚያስቀምጥበት ማህደር) ከገባ በኋላ ፋይሉን ሰርዞ አዲስ ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) መላክ የሪፖዚቶሪውን መጠን አይቀንስም፤ ጊት የቀደሙትን ኮሚቶች በሙሉ ስለሚይዝ ፋይሉ በታሪኩ ውስጥ እንዳለ ይቆያል። በሰርቨሩ ላይ ቦታ የሚለቀቀው ፋይሉን የያዘውን ኮሚት የሚጠቁም ብራንች፣ ታግ ወይም ሌላ ሪፈረንስ (ወደ ኮሚት የሚያመለክት ስም) ምንም ሳይኖር፣ ጊት ከመሰረዙ በፊት የሚጠብቀው ጊዜ አልፎ፣ የማይፈለገውን የሚያስወግደው የጊት ጽዳት ሲካሄድ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከመለካት ነው። በሰርቨሩ ላይ ወደ ሪፖዚቶሪው ማህደር ገብተው «ጊት ካውንት-ኦብጀክትስ» የሚለውን ትእዛዝ ከዝርዝር ማሳያ አማራጩ ጋር ያስኪዱ። ከሚወጡት መስመሮች ሁለቱን ያነጻጽሩ፦ «ካውንት» ገና ያልታሸጉትን ነጠላ ኦብጀክቶች (ጊት ፋይሎችንና ኮሚቶችን የሚያስቀምጥባቸውን ክፍሎች) ብዛት፣ «ሳይዝ-ፓክ» ደግሞ በፓክ ፋይሎች (ብዙ ኦብጀክቶች አብረው ተጨምቀው በሚቀመጡባቸው ፋይሎች) የታሸገውን መጠን ያሳያል። ከ100 ያነሱ ኦብጀክቶችን የያዘ ፑሽ (ወደ ሰርቨሩ የሚላክ ለውጥ) ሲደርስ ሰርቨሩ በነባሪው አሠራር ኦብጀክቶቹን አንድ በአንድ ስለሚያስቀምጣቸው፣ ትንንሽ ፑሽ የሚበዛበት ሪፖዚቶሪ በነጠላ ኦብጀክቶች ይሞላል። እንዲህ ከሆነ ጽዳቱ ብቻውን ይበቃል። ነገር ግን «ካውንት» 12፣ «ሳይዝ-ፓክ» 1.8 ጊጋባይት ቢሆን ክብደቱ በአብዛኛው ያለው በታሪኩ ውስጥ ስለሆነ ጽዳቱ ብቻውን ብዙ አይረዳም።

ከጽዳቱ በፊት ፑሽ እንዲቆም አድርገው የሪፖዚቶሪውን ማህደር ሙሉ ቅጂ ያስቀምጡ። ክሎን (በጊት በራሱ የሚወሰድ ቅጂ) ለዚህ አይበቃም፤ ክሎን የሚያመጣው ከሪፈረንሶች የሚደረስባቸውን ኦብጀክቶች ነውና። በዲስኩ ላይም ትርፍ ቦታ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ጊት አሮጌዎቹን ፓኮች የሚሰርዘው አዲሱን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ነው።

ከዚያ «ጊት ጂሲ» የሚለውን ትእዛዝ ያስኪዱ። መጠኑ ወዲያው ባይቀንስ አይደናገጡ። ጊት ከየትኛውም ሪፈረንስ የማይደረስባቸውን ኦብጀክቶች በነባሪው ለሁለት ሳምንት ያቆያቸዋል፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ከወጣው ጊት 2.41 ጀምሮም ለብቻቸው በአንድ ፓክ ይሰበስባቸዋል። «ፕሩን» የሚለውን አማራጭ «ናው» በማለት ጥበቃውን ማስቀረት ይቻላል፤ ሆኖም በዚያው ቅጽበት ፑሽ የሚያደርግ ሰው ካለ የሚያስፈልገው ኦብጀክት ሊሰረዝና ሪፖዚቶሪው ሊበላሽ ይችላል። ሪፖዚቶሪው ኦብጀክቶቹን ለፎርኮች (ከእሱ ለተቀዱ ሌሎች ሪፖዚቶሪዎች) የሚያጋራ ከሆነም ጨርሶ አይሞክሩት፤ እዚህ የማይፈለግ የሚመስለው ኦብጀክት እዚያ በሥራ ላይ ሊሆን ይችላል።

ክብደቱ ከታሪኩ የመጣ ከሆነ ታሪኩን እንደገና መጻፍ ግድ ነው። ለዚህ የሚመረጠው ለብቻው የሚጫነው «ጊት ፊልተር-ሪፖ» ነው፤ በአዲስ ክሎን ላይ አስኪደው ለምሳሌ ከ10 ሜጋባይት በላይ የሆኑ ፋይሎችን በሙሉ ከታሪኩ ማውጣት ይችላሉ። ከዚያ ብራንቾቹንና ታጎቹን ሁሉ በፎርስ ፑሽ (የሰርቨሩን አሮጌ ታሪክ በአዲሱ በሚተካ ፑሽ) ልከው በሰርቨሩ ላይ ጽዳቱን እንደገና ያካሂዳሉ። የኮሚቶቹ መለያ ቁጥሮች ስለሚቀየሩ የሥራ ባልደረቦችዎ የድሮውን ቅጂ ትተው እንደገና ክሎን ማድረግ አለባቸው፤ ይህን ቀድሞ መንገር ከቴክኒኩ ሥራ ባልተናነሰ ሊታሰብበት ይገባል፣ አንድ ሰው ከአሮጌ ቅጂው ፑሽ ካደረገ ያ ሁሉ ክብደት ተመልሶ ይገባልና።

ሪፖዚቶሪው በጊትሀብ ወይም በጊትላብ አገልግሎት ላይ ከሆነ ግን ጽዳቱን የሚያካሂደው አገልግሎቱ ነው። በጊትሀብ የፑል ሪኩዌስት (ለውጥ እንዲቀላቀል የሚቀርብ ጥያቄ) ሪፈረንሶች አሮጌዎቹን ኮሚቶች ይዘው ይቆያሉ፤ ተጠቃሚው ሊሰርዛቸው ስለማይችል የድጋፍ ክፍሉን መጠየቅ ያስፈልጋል። በጊትላብ ደግሞ ፊልተር-ሪፖ ያዘጋጀውን የኮሚት ዝርዝር ፋይል በሪፖዚቶሪው ማስተካከያ ገጽ ላይ ባለው የጽዳት ክፍል ማስገባት ይቻላል፤ አገልግሎቱም አሮጌዎቹን ኮሚቶች የያዙትን የውስጥ ሪፈረንሶች ያነሳል።