አንዴ የጻፉትን ደግመው አይጻፉ፦ ላፕቶፕ ላይ ኮፒና ፔስት ማድረግ

የእድራችን ጸሐፊ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ልጆቻቸው ላፕቶፕ ከላኩላቸው ወዲህ የእድሩን ማስታወቂያ የሚጽፉት ራሳቸው ናቸው። አንድ ቅዳሜ ቤታቸው ስገባ ያለፈውን ወር ማስታወቂያ በወረቀት አትመው ከላፕቶፑ አጠገብ ዘርግተውታል። ወረቀቱን እያዩ፣ በአንድ ጣት፣ ከ«ለተከበራችሁ የእድራችን አባላት» ጀምረው እንደ አዲስ ይጽፋሉ። ማስታወቂያው እኮ እዚያው ላፕቶፕ ውስጥ ተቀምጧል። የሚለወጠው ቀኑና ሰዓቱ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ለምን ኮፒ አያደርጉትም?» አልኳቸው።

«አድርጌዋለሁ እንጂ!» ብለው ወረቀቱን አነሱልኝ።

እውነታቸውን ነው። እኛ ዘንድ ኮፒ ማለት መታወቂያ ይዞ ፎቶ ኮፒ ቤት መሄድ ነው። እኔም የምሠራው ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ስለሆነ ቃሉን ቀኑን ሙሉ እሰማዋለሁ። ላፕቶፕ ላይ ግን ኮፒ ሲደረግ ወረቀት አይወጣ፣ ድምፅ አይሰማ፣ ስክሪኑ ላይ የሚለወጥ ነገር የለ። ጀማሪን ግራ የሚያጋባው ይኸው ነው። «ነካሁት፣ ምንም አላመጣም» ይልና ደጋግሞ ይጫናል።

ስኒው አንድ ነው

ፕሮግራሙ በአማርኛ ከሆነ ኮፒ የሚለውን «ቅዳ»፣ ፔስት የሚለውን «ለጥፍ»፣ ከት የሚለውን ደግሞ «ቁረጥ» ተብሎ ያገኙታል። «ቅዳ» የሚለው ለእኔ ተመችቶኛል፤ ቡና መቅዳትን ስለሚያስታውስ። ላፕቶፑ ውስጥ አንድ የማይታይ ስኒ አለ ብለው ያስቡ፤ ስሙ ክሊፕቦርድ ይባላል። ኮፒ ሲያደርጉ የመረጡት ጽሑፍ እዚያ ስኒ ውስጥ ይቀዳል፤ ዋናው ከቦታው አይነቃነቅም። ፔስት ሲያደርጉ ደግሞ ስኒው ውስጥ ያለው እርስዎ በፈለጉት ቦታ ይወጣል።

ከቡናው የሚለየው ስኒው የማይጎድል መሆኑ ነው። አንዴ ኮፒ ያደረጉትን አሥር ቦታ ፔስት ማድረግ ይችላሉ። ግን ስኒው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ሌላ ነገር ኮፒ ባደረጉ ቁጥር የፊተኛው ይደፋል። ፔስት ሲያደርጉ ያላሰቡት ነገር ከወጣ፣ በመሃል ሌላ ነገር ኮፒ አድርገዋል ወይም የመጀመሪያው ኮፒ አልያዘም ማለት ነው። ተመልሰው እንደገና ይቅዱ።

የመጀመሪያው ልምምድ

ከኪቦርዱ በስተግራ፣ ታችኛው ጥግ አካባቢ፣ ኮንትሮል የሚባል ቁልፍ አለ። ስሙ የተጻፈበት በአጭሩ ሲ፣ ቲ፣ አር፣ ኤል በሚሉ አራት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ነው። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ጥጉን ኤፍኤን የሚባል ቁልፍ ይይዘውና ኮንትሮል ከእሱ ቀጥሎ ይመጣል፤ ስለዚህ ፊደሉን አይተው ይጫኑ። ማክ የያዙ ሰዎች በኮንትሮል ፈንታ ከስፔስ ባር አጠገብ ያለውን ኮማንድ ይጠቀሙ፤ ዋናዎቹ ሲ፣ ኤክስ፣ ቪ እና ዜድ ያው ናቸው።

አሁን ኖትፓድ ወይም ወርድ የሚባለውን የጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም ይክፈቱና አንድ መስመር ይጻፉ፤ ስምዎን ቢሆንም ይበቃል።

1. ከጻፉት ውስጥ አንዱ ቃል ላይ ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ክሊክ ያድርጉ። ቃሉ ቀለም ይለብሳል። ተመረጠ ማለት ነው።
2. ኮንትሮልን በግራ እጅዎ ትንሽ ጣት ተጭነው ይያዙ። ሳይለቁ የሲን ፊደል አንዴ ነካ አድርገው ሁለቱንም ይልቀቁ። ምንም አይታይም፤ አይደንግጡ፣ አይድገሙ። ተቀድቷል።
3. ከመስመሩ መጨረሻ ቀጥሎ ክሊክ ያድርጉ። ብልጭ ድርግም የምትል ቀጭን መስመር እዚያ ትቆማለች። ጽሑፉ የሚወጣው እሷ ባለችበት ነው።
4. ኮንትሮልን ይዘው ቪን ይንኩ። ቃሉ መጣ።
5. አሁንም ኮንትሮልን ይዘው ቪን ይንኩ። ደግሞ መጣ። ስኒው አለመጉደሉን በዓይንዎ አዩት።

ሁለቱን ቁልፎች እኩል ለመምታት አይሞክሩ። ጋሼ እንደዚያ ሲያደርጉ ሲ ቀድሞ እየተመታ፣ የመረጡት ቃል ጠፍቶ በቦታው አንድ ሲ ብቻ ይቀር ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ቀለም የለበሰ ጽሑፍ ባለበት ማንኛውንም ፊደል ከነኩ፣ የተመረጠው በሙሉ ጠፍቶ ያ ፊደል ይተካበታል። ሦስት ገጽ መርጠው ከሆነ ሦስቱም ገጽ ይጠፋል። ይህ ሲደርስብዎ ላፕቶፑን አይዝጉት፣ ሌላም ነገር አይንኩ፤ ኮንትሮልን ይዘው ዜድን ይምቱ። የጠፋው ይመለሳል። እኔ ብሆን ሰው ሳስተምር ከኮፒም ከፔስትም በፊት ዜድን አስተምራለሁ፤ መመለሻ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ለመሞከር አይፈራም።

ዋናው ችግር መምረጡ ላይ ነው

ደንበኞቻችን ሲቸገሩ የማየው ኮፒ ላይ ወይም ፔስት ላይ አይደለም፤ ከሁለቱም በፊት፣ ጽሑፉን መምረጡ ላይ ነው። በማውስ ቢሆን ጀመር አድርጎ መጎተት ይቻላል። በላፕቶፑ ታችፓድ ግን ጣት ጠርዝ ላይ ይደርስና ቦታ ያልቃል፤ ወይ ገጹ ሽው ብሎ ይወርድና የማይፈለገው ሁሉ ይመረጣል።

ስለዚህ አይጎትቱ። ከሚፈልጉት ጽሑፍ የመጀመሪያ ፊደል በፊት አንዴ ክሊክ ያድርጉ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ መጨረሻው ይውረዱ፤ ሌላ ገጽ ላይ ቢሆንም ግድ የለም። ሺፍት የሚባለውን ቁልፍ ይዘው መጨረሻው ላይ ክሊክ ያድርጉ። በመሃል ያለው በሙሉ ቀለም ይለብሳል። አንድ ሁለት ፊደል ከተረፈ ወይም ከጎደለ፣ ሺፍትን እንደያዙ የቀስት ቁልፎችን በመንካት ማሳጠርና ማስረዘም ይቻላል። ጋሼን ያስደሰታቸው ይህ ነው፤ «እንደ ኖራ መስመር» አሉት፣ ሁለት ጫፍ ላይ ችካል ተክሎ ክር መወጠርን አስበው።

ሙሉውን ሰነድ ለመምረጥ ኮንትሮል እና ኤ ይበቃል። ወርድ ላይ አንድ አንቀጽ ብቻ ከፈለጉ አንቀጹ ውስጥ ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ክሊክ ያድርጉ። ቁልፉ የማይመቸው ሰው ደግሞ የተመረጠው ላይ ሆኖ ታችፓዱን በሁለት ጣት መታ ቢያደርግ ኮፒና ፔስት ያሉበት ዝርዝር ይወጣል።

አልመረጥ የሚል ጽሑፍም ያጋጥማል። ስካን የተደረገ ደብዳቤ ወይም በቴሌግራም የተላከ የወረቀት ፎቶ በዓይን ሲታይ ፊደል ነው፤ ለላፕቶፑ ግን ሥዕል ነው። እጅዎ አልተሳሳተም።

ከት እና ፍላሽ

ኮንትሮልን ይዘው በሲ ፈንታ ኤክስን ከነኩ ከት ይሆናል፤ ጽሑፉ ከነበረበት ተነሥቶ ወደ ስኒው ይገባል። አንቀጽ ከታች ወደ ላይ ለማዛወር ጥሩ ነው። ዜድ፣ ኤክስ፣ ሲ፣ ቪ ኪቦርዱ ላይ ተከታትለው የተሰለፉ ጎረቤታሞች ናቸው። የከት፣ የኮፒና የፔስትን ሐሳብ ያመጡት ላሪ ቴስለር እና ቲም ሞት የተባሉ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በካሊፎርኒያ የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ሲሠሩ። ቴስለር እ.ኤ.አ. በ2020 በ74 ዓመቱ ዐረፈ። «ከት» እና «ፔስት» የሚሉት ስሞች የመጡት በመቀስና በማጣበቂያ ጽሑፍ ከሚያስተካክሉ የኅትመት ሠራተኞች ነው። የፎቶ ኮፒ ማሽን ያስተዋወቀን ኩባንያና ያለ ወረቀት ኮፒ ማድረግን ያመጣው ኩባንያ አንድ መሆኑ ይገርመኛል።

ፋይልም በዚሁ መንገድ ይቀዳል። ፋይሉን አንዴ ክሊክ አድርገው ኮንትሮል እና ሲ፣ ከዚያ ፍላሹን ከፍተው ኮንትሮል እና ቪ። ወደ ፍላሽ ሲወስዱ ግን ከት አያድርጉ፤ ኮፒ ያድርጉ። ፍላሽ ይጠፋል፣ ይበላሻል፣ ኪስ ውስጥ ታጥቦ ይወጣል።

ሌላው በየቀኑ የማየው ደግሞ ይህ ነው፦ ተመራቂ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም ሩቅ አገር አቋርጦ ይመጣል፤ ፍላሹን ስንሰካው ፋይሉ አይከፈትም። ይዞት የመጣው ሾርትከት ነው። ዴስክቶፕ ላይ ካሉት ምስሎች አንዳንዶቹ ግርጌያቸው ላይ ትንሽ የታጠፈች ቀስት አላቸው፤ እነሱ ፋይሉ ያለበትን መንገድ የሚጠቁሙ ናቸው እንጂ ፋይሉ ራሱ አይደሉም። ቀስት ያለበትን ኮፒ አድርጎ መምጣት ቁልፉን ትቶ የቤቱን አድራሻ ይዞ እንደመምጣት ነው። ከቤት ሳይወጡ ፍላሹን ነቅለው፣ መልሰው ሰክተው፣ ፋይሉን ከራሱ ከፍላሹ ከፍተው ይዩት።

ፔስት ካደረጉ በኋላ ያንብቡት

ከድረ ገጽ የተወሰደ ጽሑፍ ቀለሙንና የፊደሉን መጠን ይዞ ይመጣና የእርስዎን ገጽ ያዥጎረጉረዋል። በኢንተርኔት በሚሠራው መጻፊያ በጎግል ዶክስ ላይ ኮንትሮልንና ሺፍትን አንድ ላይ ይዘው ቪን ከነኩ ጽሑፉ ብቻ ይመጣል። ይህ በማይሠራበት ፕሮግራም መጀመሪያ ኖትፓድ ላይ ፔስት ያድርጉትና ከዚያ እንደገና ኮፒ ያድርጉ፤ ኖትፓድ ጌጡን ሁሉ ያራግፍለታል።

የአማርኛ ጽሑፍ የራሱ ጣጣ አለው። በድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር የተጻፈ ሰነድ ወርድ ላይ ጥሩ አማርኛ ሆኖ ይታይና ቴሌግራም ላይ ፔስት ሲደረግ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ይሆናል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ አስቀድሞ የተሠሩት ሶፍትዌሮች ለእንግሊዝኛ ፊደሎች የአማርኛ መልክ አልብሰው ነበር የሚሠሩት፤ ያ መልክ፣ ማለትም ፎንቱ፣ በሌለበት ቦታ ልብሱ ወልቆ ከሥር ያለው ይታያል። ኮፒ መደጋገም አያድነውም። ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ወይም እንደገና መጻፍ ነው።

ኤክሴል በሚባለው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ላይ የአባላት ስልክ ቁጥር ፔስት ሲያደርጉ ደግሞ የመጀመሪያዋ 0 ትጠፋለች። ኤክሴል ሊደመር የሚችል ቁጥር መስሎት ነው። አስቀድመው ዓምዱን ሙሉ መርጠው ዓይነቱን ቴክስት ያድርጉት፣ ከዚያ ጽሑፉን ብቻ ፔስት ያድርጉ።

የባንክ ሂሳብ ቁጥር ግን ሁልጊዜ ኮፒ ቢደረግ ይሻላል። የንግድ ባንክ 13 አሃዝ ነው፤ ከሦስት ዜሮ አንዷን ለመዝለል ዓይን ጊዜ አይፈጅበትም። ሆኖም ፔስት ካደረጉ በኋላ የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች ከዋናው ጋር ያስተያዩ፤ ስኒው ውስጥ የሌላ ሰው ሂሳብ ሊኖር ይችላል።

ከአንድ በላይ ስኒ ለሚፈልግ ሰው ዊንዶውስ 10 እና 11 መላ አላቸው። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዘው ቪን ይንኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ እንዲያበሩት ይጠይቅዎታል። ከዚያ ወዲያ ኮፒ ያደረጓቸውን እስከ 25 ድረስ በዝርዝር ያስቀምጥልዎታል። በሰው ላፕቶፕ ወይም በኢንተርኔት ቤት ከሆኑ ግን ከመነሣትዎ በፊት ዝርዝሩን ያጥፉት፤ ኮፒ ያደረጉት የይለፍ ቃል እዚያ ተሰልፎ ሊጠብቅ ይችላል።

ጋሼ አሁን ማስታወቂያውን በሁለት ደቂቃ ያወጣሉ። በመጀመሪያው ወር ታዲያ ያለፈውን ኮፒ አድርገው ከላይ ያለውን ቀን ቀየሩና መሃል ላይ ያለውን ረሱት። አንዱ ማስታወቂያ ሁለት ቀን ይዞ ወጣ፤ ግማሹ አባል ስብሰባው አልፏል ብሎ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያለፈውን ወር ኮፒ አያደርጉም። ቀን፣ ሰዓትና ቦታ መግባት ባለበት ሁሉ ነጠብጣብ ብቻ ያለው አንድ ባዶ ማስታወቂያ ለብቻው አዘጋጅተዋል፤ የሚቀዱት ከእሱ ነው። የረሱት ቦታ ካለ ነጠብጣቡ ራሱ ይናገርባቸዋል።