ጁኖ-106፦ ከስድስቱ ድምፆች አንዱ ሲጠፋ

የ1984ቱ ሮላንድ ጁኖ-106 ሲንተሳይዘር (የኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ) ላይ በየስድስተኛው ኖታ ዝምታ ነበር፤ ኖታዎቹን ‹ድምፅ› የሚባሉ ስድስት ሰርኪውቶች ተራ በተራ ያወጧቸዋል። ጥፋተኛውን ለማግኘት ‹ኪ ትራንስፖዝ› የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ማብራት ነው፤ ዲስፕሌው እያንዳንዱ ኖታ በስንተኛው ድምፅ እንደወጣ በቁጥር ያሳያል። ጥፋተኛው 4 ነበር።

ቀጥሎ የፊልተሩን (ቃናውን የሚያጣራውን ክፍል) ሬዞናንስ፣ ማለትም ማስተጋባቱን፣ እስከ ጥግ መክፈት። ድምፁ ቢያፏጭ ፊልተሩ ደህና ስለሆነ ጥርጣሬው ሞገዱን ወደሚያመነጨው ቺፕ፣ ወደ ኤምሲ5534ኤ፣ ይዞራል፤ እሱ አንዱ ቺፕ ሁለት ድምፅ ይይዛል። እዚህ ግን ጭጭ አለ፤ ስለዚህ ተጠርጣሪው 80017ኤ ነው፤ የዚያ ድምፅ የፊልተርና የቪሲኤ (የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ) ቺፕ። ከጤነኛ ድምፅ ቺፕ ጋር ቦታ ሲቀያየሩ ችግሩ ቺፑን ተከትሎ ሄደ፤ ከዚህ የተሻለ ማረጋገጫ የለም።

መንስኤው ቺፑን የለበጠው ጥቁር ኢፖክሲ ነው፤ ሲያረጅ ኤሌክትሪክ ያሾልካል። በክዳናም ብርጭቆ አሴቶን ውስጥ ሁለት ቀን ተነከረ (አየር ባለበት፣ ከእሳት ርቆ)። ልባጡ ሲለሰልስ በእንጨት ስንጥር ይላጣል። ካልለቀቀ መልሶ መንከር እንጂ መታገል አይገባም፤ ጥቃቅኖቹ ሬዚስተሮች አብረው ይነቀላሉ።

ቺፑ በሶኬት ተመለሰ። የዚያ ድምፅ የቪሲኤ ኦፍሴት፣ የፊልተር ፍሪኩዌንሲና የሬዞናንስ ትሪመሮች (በመፍቻ የሚዞሩ ትንንሽ ማስተካከያዎች) እንደገና ካልተስተካከሉ 4 ከሌሎቹ ጋር አይገጥምም።