«ጠግቦ ነው» ከማለታችን በፊት፦ ስለ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ላይ ስለ ኤንቢኤ፣ ስለ አሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የሚያወራ ሰው የለም ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል። አለ። የእግር ኳሱን ያህል አይሁን እንጂ አለ። ሜዳ ጥግ ይወራል፣ ጀበና ቡና ላይ ይወራል፣ ቤቲንግ ቤት በር ላይ ይወራል። ችግሩ ወሬው ስለ ጨዋታው አለመሆኑ ነው። እገሌ ሽጉጥ ይዞ ታየ፣ እገሌ ከሰረ፣ እገሌ ጨነቀኝ ብሎ ከሜዳ ወጣ። ፍርዱ ደግሞ ቡናው ሳይፈላ ያልቃል።

እኔ ልጆች ሲለማመዱ ትንሽ ትንሽ አግዛለሁ። ስለዚህ የሚያሳስቡኝ አሜሪካ ያሉት ሚሊየነሮች አይደሉም። እነሱ ጠበቃም ሐኪምም አላቸው፣ ጎጃም ውስጥ ማን ምን እንዳለም አይሰሙም። የሚሰሙን አጠገባችን ተቀምጠው ጫማቸውን የሚያስሩት ልጆች ናቸው። በሰው ጭንቀት ስንስቅ የሰማ ልጅ ነገ የራሱን ለማን ይነግራል? ለማንም። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

«ቪዲዮውን አይቼዋለሁ»

አላየኸውም። ያየኸው ቁራጩን ነው። የኤንቢኤ ጨዋታ በብዛት የሚጀመረው በእኛ ከሌሊቱ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ማን ተነስቶ ያያል? ጠዋት ኔትወርክ ካለ ቴሌግራም ላይ አንድ ደቂቃ የማትሞላ ቁራጭ እናያለን፣ በቃ፣ ሰውዬውን አወቅነው።

አለን አይቨርሰንን ውሰዱ። በሜይ 2002 ጋዜጠኞች ፊት ተቀምጦ ከልምምድ ስለ መቅረቱ ሲጠየቅ «ልምምድ? የምናወራው ስለ ልምምድ ነው?» እያለ ቃሉን ከሃያ ጊዜ በላይ ደጋገመው። ቁራጩ እስከ ዛሬ ይዞራል፣ ሰውም ይስቅበታል፤ ሰነፍና ትዕቢተኛ የሚል ስም የተለጠፈበትም በእሱ ነው። ግን እዚያው መግለጫ ላይ፣ ሰው ሁሉ በማይልከው ክፍል፣ የቅርብ ጓደኛውን እንዳጣ፣ ዓመቱም እንደጠፋበት ተናግሯል። ጓደኛው ከወራት በፊት ተገድሎ ነበር። ቡድኑ ፊላዴልፊያ በመጀመሪያው ዙር በቦስተን ተሸንፎ ወጥቷል። እሱን ሊሸጡት ነው የሚል ወሬም ነበር። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የሊጉ ኮከብ ተብሎ የተመረጠ ልጅ ነው እንግዲህ።

ልምምድ መቅረቱ ልክ ነበር እያልኩ አይደለም። አልነበረም። ግን ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሲናደድ ሌላ ነገር ነው፣ የጠገበ ሰው ሲናደድ ሌላ።

እኛም ጋ ያው ነው። ኅዳር ሲመጣ አንድ ሁለት ልጆች ከልምምድ ይጠፋሉ። «ኮከብ ነኝ ብሎ ነዋ!» ይባላል። ልጁ ግን ገጠር ወርዶ ከአባቱ ጋር ጤፍ እያጨደ ነው። የሚጠይቀው ሰው ስለሌለ አይናገርም፤ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ራሱን ተቀያሪ ወንበር ላይ ያገኘዋል።

«ጠግቦ ነው»

ይሄኛው ከሁሉም በላይ ያበሽቀኛል። በሚሊዮን ዶላር የሚከፈለው ሰው ተጨነቅሁ ካለ፣ ጠግቦ ነው። አለቀ።

ኬቨን ላቭ ኖቬምበር 5 ቀን 2017 ክሊቭላንድ ከአትላንታ ሲጫወት፣ ከእረፍት በኋላ ልቡ ትደልቅ ጀመር፣ ትንፋሽ አጠረው፣ አፉ ደረቀ። አሰልጣኙ ሲያወራ አይሰማም። ሜዳውን ጥሎ ወጥቶ መልበሻ ክፍል አካባቢ መሬት ላይ ተጋደመ። የሚሞት መስሎት ነበር። ሐኪም ቤት ሲመረመር ምንም አልተገኘበትም። የያዘው ድንገት የሚመጣ ኃይለኛ ጭንቀት ነበር። ለወራት ደበቀው። በጃንዋሪ 2018 ደግሞ አሞኛል ብሎ ከጨዋታ ሲወጣ የገዛ ጓደኞቹ በቡድን ስብሰባ ላይ ለምን ወጣህ ብለው እንደሞገቱት በሰፊው ተዘግቧል። አስቡት እንግዲህ፣ አብረውት የሚጫወቱ ሰዎች!

አፉን ያስከፈተው ሌላ ተጫዋች ነው። ዴማር ዴሮዛን በፌብሩዋሪ 2018 አንድ ሌሊት ትዊተር ላይ ድብርቱ እንዳሸነፈው ጻፈ። አንድ አረፍተ ነገር ናት። ላቭም በቀጣዩ ወር የራሱን ታሪክ ጻፈ፤ የዴሮዛን መናገር እንደረዳውም አልደበቀም። ከዚያ በኋላ ነገሩ ወሬ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ሊጉ ከ2019–20 ጀምሮ እያንዳንዱ ክለብ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲኖረው አስገደደ።

አሁን ወደ እኛ። አገራችን «ሆድ ይፍጀው» የሚባልበት አገር ነው። ወንድ ልጅ ከሆነ ደግሞ ባሰ። አንዱ ልጅ ጨዋታ ሲቃረብ እንቅልፍ ሲያጣ፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ «ዓይን ነው» ይባልና ጠበል ይወሰዳል። ጠበል መውሰዱን አልቃወምም፤ እናቱ ያመነችበት ነገር ነው፣ እሱንም ያረጋጋዋል። ግን ጠበል ሄዶ ሐኪም ቤትም መሄድ ይቻላል። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። የሚከለክለው «ጠግቦ ነው» የሚለው አፋችን ነው።

«ሁሉም ያው ናቸው፣ ባለጌዎች»

በሽታውን፣ ጥፋቱን፣ መከራውን አንድ ጆንያ ውስጥ ከተን ጠርቅመን እናስራለን። ከዚያ ለማን ማዘን ማንን መቅጣት እንዳለብን ይጠፋናል።

ጃ ሞራንት በማርች 2023 ዴንቨር አካባቢ አንድ የሌሊት ክለብ ውስጥ ሽጉጥ እያሳየ በኢንስታግራም ቀጥታ ታየ። ስምንት ጨዋታ ታገደ። ፍሎሪዳ ሄዶ የምክር አገልግሎት አገኘ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ተመለሰ። በሜይ እንደገና ሽጉጥ ይዞ ታየ! ሃያ አምስት ጨዋታ ታገደ። ይሄ ጥፋት ነው። ማንም አላሳሳተውም፣ ሁለተኛውን ጊዜማ ምን ይሉታል። ሆኖም ከዴሮዛን ድብርት ጋር ምን አገናኘው? ምንም።

አንዳንዱ ደግሞ ድብልቅ ነው። ሮን አርቴስት ኖቬምበር 19 ቀን 2004 ዲትሮይት ላይ በጨዋታ መሃል ሜዳው ዳር ባለው የዳኞች ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ሳለ ከተመልካች አንዱ መጠጥ በላስቲክ ብርጭቆ ወረወረበት። ዘሎ ተመልካች መሃል ገባ፣ ያውም ያልወረወረውን ሰው ያዘ። ከዚያ በተጫዋቾችና በተመልካቾች መካከል የተነሳውን ድብድብ ዓለም አይቶታል። ዘጠኝ ተጫዋቾች ታገዱ፤ እሱ ለቀሪው የውድድር ዘመን በሙሉ፣ የጥሎ ማለፉን ጨምሮ 86 ጨዋታ። ሰው ሁሉ «ዕብድ» አለው። በ2010 ግን ከሎስ አንጀለሱ ቡድን ከሌከርስ ጋር ዋንጫ ባነሳባት ሌሊት፣ ላቡ ሳይደርቅ፣ በቀጥታ ስርጭት የአእምሮ ሐኪሙን አመሰገነ። ለአሸናፊዎች የሚሰጠውን ቀለበቱንም ሎተሪ አውጥቶበት ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ለአእምሮ ጤና ሥራ አሰባሰበ። ሰውዬው ጥፋተኛ ነበር፣ ተቀጣም። ሕክምናም ያስፈልገው ነበር፣ ታከመም። ሁለቱን አብሮ መያዝ ምን ይከብዳል? የእኛ አገር ሽማግሌዎች እኮ ሁለቱንም ወገን ሳይሰሙ ካሳ አይቆርጡም።

«ይቅር በሉት፣ ይጫወታል አይደል?»

ይሄ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ነጥብ ካስቆጠረ ሁሉም ይረሳለታል።

ማይልስ ብሪጅስ በ2022 የልጆቹን እናት በመደብደብ ተከሰሰ። በኖቬምበር ክሱን አልከራከርም ብሎ የሦስት ዓመት የአመክሮ ቅጣት ተቀበለ። ያን የውድድር ዘመን አልተጫወተም። ሊጉ 30 ጨዋታ ሲያግደው 20ው እንደተቀጣ ተቆጠረለትና በኖቬምበር 2023 ተመለሰ። እኛ ጋ ስሙ ሲነሳ የሚወራው ዘሎ ኳሷን ቅርጫት ውስጥ ስለሚከትበት ስለ ዳንኩ ነው። ስለ ሴትዮዋ ማን አወራ? «ትግል ውስጥ ነበር» የሚል ሰው ሰምቻለሁ፣ ወይ ጉድ! ትግሉስ የእሷ ነበር።

ይሄን የማነሳው እኛም ቤት ስላለ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ጉልበት ተስሞ፣ «ታርቀዋል» ተብሎ ስንቱ ታለፈ። ጥሩ ተጫዋች፣ ጥሩ ጎረቤት፣ ጥሩ ዘፋኝ መሆን ሚስት መደብደብን አያካክስም።

«ያን ሁሉ ብር የት አደረገው?»

አንቷን ዎከር በተጫወተባቸው ዓመታት ከ108 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተከፍሎታል። በ2010 መክሰሩን ለፍርድ ቤት አመለከተ። ሲሰማ ቀልድ ይመስላል፤ «በላው፣ ጠጣው» ይባላል። ቁማር አልነበረም አልልም። ላስ ቬጋስ ካዚኖዎች ጋ በደረቅ ቼክ ተከሶ ጥፋቱን አምኗል። ግን የጣለው ቁማሩ ብቻ አይደለም። ቺካጎ ውስጥ ቤትና ሕንፃ የሚገዛ ድርጅት ነበረው፣ ለድርጅቱ ብድርም ራሱ በግሉ ዋስ ሆኖ ፈረመ። በ2008 የቤት ገበያው ሲንኮታኮት ባንኮቹ ዋሱን ያዙ። ዘመድና ጓደኛም በእሱ ኪስ ይኖር ነበር።

ዋስ ሆኖ የከሰረ ሰው በየመንደራችን አለ። ፊርማ ናት፣ «ወንድሜ ነው፣ ምን ይለኛል» ተብሎ ትፈረማለች፣ ከዚያ ደመወዝ ለዓመታት ይቆረጣል። ስለዚህ በዎከር ለመሳቅ ከማንም በላይ የማይመቸው የእኛ ሰው ነበር።

አንድ ልጅ ከእኛ አካባቢ ክለብ ገባ ሲባል ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። «አለፈለት!» ደመወዙ ከአንድ መምህር እምብዛም ባይበልጥም አለፈለት። አጎት የበሬ መግዣ ይጠይቃል። ክርስትና ሲኖር ይደወላል፣ ተዝካር ሲኖር ይደወላል። እምቢ ካለ ኮራ ይባላል። ከሰጠ ደግሞ ጉልበቱ የተጎዳ ቀን ባዶ እጁን ነው። ልጆቹን የምመክራቸው አንድ ነገር ነው፤ ለዘመድ የሚሰጡትን በዓመት አንዴ ይወስኑ፣ ለማንም ግን ዋስ አይሁኑ። የልጆቹ ወላጆች በዚህ አይወዱኝም፣ ይሁን።

«አለቀለት»

ስለዚህኛው ብዙ አልልም። ቪን ቤከር አራት ጊዜ የኮከቦች ጨዋታ ላይ የተሰለፈ፣ በ2000 የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ ሰው ነው። መጠጥ ጣለው፣ ገንዘቡም ሄደ። መጠጡን ካቆመ በኋላ ስታርባክስ ቡና ቤት ተቀጥሮ ሠራ። ሰው ፎቶውን እያየ ሳቀበት። በኋላ የሚልዋኪ ቡድን በረዳት አሰልጣኝነት ወሰደው፣ በ2021 ቡድኑ ዋንጫ ሲያነሳ እዚያው ነበር። ቡና መቅዳቱ ውድቀት አልነበረም፣ መነሳቱ ነበር። አረቄ ቤት የምናውቃቸው ስንት የድሮ ተጫዋቾች አሉ፣ «አለቀለት» ብለን ሰላምታ ያቆምንባቸው።

«ቲኬቴን አቃጠለው»

ይሄኛው የሚያስፈራኝ ነው፣ ምክንያቱም እዚህ ደርሷል። በከተሞቻችን ቤቲንግ ቤት የሌለበት ሰፈር ማግኘት ከባድ ሆኗል። የተሸነፈ ቲኬት የያዘ ሰው ደግሞ ተጫዋቹን እንደ ሰው አያየውም። ታይሪስ ሃሊበርተን በ2024 ተናግሮታል፤ ለግማሹ ዓለም እሱ ገንዘብ ማግኛ ዕቃ ብቻ እንደሆነ። ስድብ የሚላክለትም ለዚሁ ነው።

ስድቡ ይቅር። የጆንቴይ ፖርተርን ነገር ልብ በሉ። የቶሮንቶ ተጫዋች ነበር፣ ኮከብ አይደለም፣ ከወንበር ተነስቶ የሚገባ። በቁማር ዕዳ ውስጥ ገባ። አበዳሪዎቹ መክፈያ መንገድ አሳዩት፤ አሞኛል ብለህ ቶሎ ውጣ፣ እኛ ነጥብህ ያንሳል ብለን እንወራረዳለን። በጃንዋሪና በማርች 2024 እንዲያ አደረገ። በማርቹ ጨዋታ አንድ ሰው 80,000 ዶላር አስይዞ 1.1 ሚሊዮን ሊበላ ነበር፤ አወራራጁ ድርጅት ጠርጥሮ አገደው። ኤፕሪል 17 ሊጉ ፖርተርን ዕድሜ ልክ አገደው፣ በጁላይ ፍርድ ቤት ጥፋቱን አመነ። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ሊጉ መጀመሪያ የጠቀሰበትን ጥፋት ነው። ስለ ራሱ ጤንነት ለተወራራጅ ምስጢር መናገር። ይችን ታክል ወሬ! እኛ ጋ ስለ ሰው ቁርጭምጭሚት መጠየቅ ደግነት ነው፣ «ተሻለው ወይ?» ይባላል፣ ይመለሳል። ስለዚህ ለልጆቹ ያልኳቸው አጭር ነው። የጓደኛህን ጉልበት እናቱ ከጠየቀችህ ንገራት። ሐኪሙ ከጠየቀህ ንገረው። ቲኬት የያዘ ሰው ከጠየቀህ ግን ወንድምህም ቢሆን «እኔ አላውቅም» በለው፣ ከዚያ ለአሰልጣኝህ ማን እንደጠየቀህ ንገረው።