የአንገት ህብለ ሰረሰር ሲጨመቅ፦ በፊዚዮቴራፒ ጊዜ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአንገት አጥንቶች ውስጥ የሚያልፈው ህብለ ሰረሰር በዲስክ (በአጥንቶቹ መካከል ያለው ለስላሳ ትራስ) መውጣት፣ በአጥንት ማቆጥቆጥ ወይም በጅማት መወፈር ሲጨመቅ ፊዚዮቴራፒ የጠበበውን ቦታ መልሶ አያሰፋውም። ሥራው የአንገትን ጡንቻ ማጠንከር፣ የእጅና የእግርን አቅም መጠበቅና መውደቅን መከላከል ነው። ብዙው ስህተት የሚመጣው ከዚህ በላይ ከመጠበቅ ነው።

«አንገቴን ስለማያመኝ ቀላል ነው» ማለት። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት ህመም አይደለም። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያቅታል፣ የእጅ ጽሑፍ ይበላሻል፣ ዕቃ ከእጅ ያመልጣል፣ ደረጃ ሲወርዱ እግር አልታዘዝ ይላል። የእጅ መደንዘዙ የእጅ አንጓ ነርቭ ችግር ብቻ ተደርጎ ሲታከም ወራት ይባክናሉ። ማንኛውም እንቅስቃሴ ከመጀመሩ በፊት የነርቭ ምርመራና ኤም.አር.አይ (በማግኔት የሚነሳ የውስጥ አካል ምስል) ያስፈልጋል።

አንገትን ማስጠምዘዝ። ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። ወጌሻ ጋም ይሁን ፀጉር ቤት፣ «ቋ» እስኪል አንገትዎን እንዲያዞር ለማንም አይፍቀዱ። በጤነኛ ሰው የህብለ ሰረሰሩ መተላለፊያ ከፊት ወደ ኋላ ወደ 17 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ከ13 በታች ሲሆን ጠባብ ይባላል። አንገት ወደ ኋላ ሲቀለበስ ከጀርባ ያለው ጅማት ወደ ውስጥ ይታጠፍና የቀረችውን ቦታ ይሻማል፤ ወደ ፊት በጣም ሲደፋ ደግሞ ህብለ ሰረሰሩ በፊት ለፊቱ የአጥንት ቁጥቋጦ ላይ ይወጠራል። እንዲህ በጠበበ ቦታ ድንገተኛ ጥምዘዛ በቅጽበት እጅና እግርን ሊያደክም ይችላል፤ የደከመውም ላይመለስ ይችላል። አንገትን በክብደት ማስጎተትም እንዲሁ የሚሸሹት ነገር ነው።

በዚሁ ምክንያት ጭንቅላትን ዙሪያውን ማሽከርከር፣ አንገት የሚያወዛውዝ እስክስታና ግንባር መሬት የሚነካበት ተደጋጋሚ ስግደት ይቅሩ። የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው ቀለል ያለ ሥርዓት አለ። ሙስሊም ከሆኑም ተቀምጦ መስገድ ለታማሚ የተፈቀደ ነው።

ለአንገት ከልክ ያለፈ ኃይል መጠቀም። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ አንገትዎን ቀጥ አድርገው ይቀመጡ፣ መዳፍዎን ግንባርዎ ላይ ያድርጉ፣ ጭንቅላትዎ ሳይንቀሳቀስ በኃይልዎ ሩብ ያህል ብቻ መዳፍዎን ይግፉት። 5 ሰከንድ ይያዙ፣ ይልቀቁ፣ 10 ጊዜ ይድገሙ፤ ከዚያ በግራ፣ በቀኝና ከኋላ። ትንፋሽዎን አይያዙ። እንደ ኤሌክትሪክ ያለ ንዝረት በጀርባ ወይም በእጅ ከወረደ ወዲያው ያቁሙና ለባለሙያው ይንገሩ።

እግርንና ሚዛንን መርሳት። ለእነዚህ ታካሚዎች መውደቅ እጥፍ አደጋ አለው፤ አንገት ላይ የሚመጣ ምት የተጨመቀውን ህብለ ሰረሰር ይጎዳዋል። ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ መነሳትና መቀመጥ 8 ጊዜ፣ በሁለት ዙር ይሥሩ። ግድግዳ አጠገብ፣ ሰው ቆሞልዎት፣ አንዱን እግር ከሌላው ፊት አሰልፈው እስከ 30 ሰከንድ ይቁሙ። ቤት ውስጥ የሚያንሸራትት ምንጣፍ ይነሳ።

የደነዘዘ እጅ ላይ ትኩስ ውሃ የያዘ ላስቲክ ማድረግም ያቃጥላል፤ ሙቀቱ ስለማይሰማ ቁስሉ የሚታየው ዘግይቶ ነው። የአንገት ድጋፍም ሐኪም ከወሰነው ጊዜ በላይ ሲደረግ ጡንቻን ያሰልላል።

ሳይለኩ መቀጠል። በሳምንት አንዴ፣ በ10 ሰከንድ ውስጥ ጡጫዎን ስንት ጊዜ ጨብጠው ሙሉ በሙሉ እንደሚዘረጉ ቆጥረው ይጻፉ። ጤነኛ ሰው 20 ያህል ይደርሳል። ቁጥሩ እየቀነሰ ከሄደ መልሱ ሐኪም ዘንድ መሄድ እንጂ እንቅስቃሴ መጨመር አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ክትትል ያለበትን ፊዚዮቴራፒ እንደ አማራጭ የሚያስቀምጠው ለቀላሉ ደረጃ ነው፤ ለመካከለኛውና ለከባዱ ቀዶ ሕክምናን ይመክራል። በስፖርት ተስፋ ቀዶ ሕክምናን ማዘግየት ሊመለስ የማይችል አቅም ያሳጣል።

ሽንት መቆጣጠር ካቃተዎ ወይም እግርዎ በቀናት ውስጥ እየደከመ ከሄደ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።